ዓመታትን የሚቆጥር ሣር፦ የመፀው ቀን በሆሞሻ የሽመል ደን

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ከአራቱ አንዱ መፀው ሲሆን፣ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይዘልቃል። በሥነ ፈለክ ስሌት ደግሞ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ይኸው ወቅት ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመስከረም 12 ወይም 13 ቀን ይጀምርና ሌሊቱ ከሁሉም በሚረዝምበት በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ያበቃል። ሁለቱ አቆጣጠሮች በሁለት ሳምንት ያህል ቢለያዩም የሚናገሩት ስለ አንድ የዓመቱ ክፍል ነው። ወቅቱ በምድር ላይ የሚያሳየው ገጽታ ግን ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። በሰሜን አውሮፓ መፀው ቅጠል ቢጫና ቀይ ሆኖ የሚረግፍበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ግን ሜዳው በአበባ የሚሸፈንበት ወቅት በመሆኑ አባቶቻችን የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት ወርኃ ጽጌ ብለዋቸዋል።

ሦስተኛ ዓይነት መፀውም አለ። በምዕራቡ የአገራችን ቆላማና ወይና ደጋማ ክፍል፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ክረምቱ እስከ ጥቅምት ይቆይና ዝናቡ ሲያቆም ረጅም ደረቅ ወራት ይከተላሉ። እዚያ መፀው የአበባም የቅጠል መርገፍም ጊዜ ነው። ባለፈው ኅዳር ወር አንዱን ቅዳሜ ከአንድ የሥነ ዕፅዋት ምሁር ወዳጃችን ጋር ከአሶሳ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሆሞሻ ወረዳ የሽመል ደን ውስጥ አሳልፈን ነበር። በዚህ ጽሑፍ በዕለቱ ካየነው ተነሥተን ሦስት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። ቅጠልን የሚያረግፈው ምንድን ነው? የሽመልን ቁመት የሚወስነው ምንድን ነው? አንድ ተክልስ ዓመታትን እንዴት ይቆጥራል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይከብዳል፤ ለሆሞሻ ነዋሪ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው እርሱ ነው።

አጥር የሌለው የዕፅዋት ማዕከል

ጉዟችንን ያቀድነው የዕፅዋት ማዕከል ለመጎብኘት እንደሚሄዱ ሰዎች ነበር። የዕፅዋት ማዕከል ከተራ መናፈሻ የሚለየው በውበቱ አይደለም። በማዕከሉ ውስጥ የሚገኝ እያንዳንዱ ተክል ሳይንሳዊ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የመጣበት ቦታና የተተከለበት ቀን በመዝገብ ሰፍሮለታል። እ.ኤ.አ. በ1545 በኢጣሊያ የተመሠረተው የፓዱዋ የዕፅዋት ማዕከል እስከ ዛሬ በመጀመሪያ ቦታው ይገኛል። በውስጡ እ.ኤ.አ. በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ አለ። ዕድሜውን በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው የተተከለበት ዓመት በመመዝገቡ ነው።

በአገራችን በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ነው። ሆኖም ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ቦታ ነው። ሽመል ደግሞ በአብዛኛው የሚበቅለው ከ500 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽመልን በገዛ ቤቱ ማየት የፈለገ ወደ ምዕራብ መጓዝ ይኖርበታል። የአሶሳ ከተማ ከፍታ 1,570 ሜትር ያህል ሲሆን የሆሞሻ ኮረብታዎችም ለሽመል የተመቹ ናቸው።

ሽመል በሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ይባላል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ይዟል። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ አንዱ የደጋው ቀርከሃ፣ ሌላው የቆላው ሽመል ነው። ሁለቱም እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ ከሣር ቤተሰብ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደውና ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የመዘገበው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የጥናት ሥራም ቀርከሃን የገለጸው በሣሮች መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ከመኪና ወርደን ወደ ደኑ ስንገባ ወዳጃችን ዙሪያውን ተመለከተና፣ “ይህ እኮ ሙሉ የዕፅዋት ማዕከል ነው፤ የጎደለው መዝገቡ ብቻ ነው” አለን። ንግግሩን እንደ ቀልድ ወሰድነው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የምናየው ሁሉ ወደዚሁ አባባል ይመልሰን ጀመር።

ቅጠልን የሚያረግፈው ብርሃን ነው ወይስ ውኃ?

ጫካው የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በሽመሉ መካከል ወይባና ሌሎች የደረቅ ወራት ቅጠል አርጋፊ ዛፎች ይታያሉ። በመንደሮቹ አጠገብ የቆሙት ማንጎዎች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ቢጫ ሆኗል፤ የሽመሉ ቅጠልም ከጫፉ መገርጣት ጀምሯል። ለዶክትሬት ትምህርት በሰሜን አውሮፓ በቆየንባቸው ዓመታት መፀውን ያወቅነው በጨለማው ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ የመንገድ መብራት ይበራ እንደነበር እናስታውሳለን። በሆሞሻስ የቀን ብርሃን ያን ያህል ያጥራልን?

ስሌቱ ቀላል ነው። የቀን ርዝመት በኬክሮስና ፀሐይ ከምድር ወገብ በምታደርገው ርቀት ይወሰናል። በ51.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በምትገኘው በለንደን ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት አይሞላም። ልዩነቱ ከ8 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። በ10 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ በሚገኘው በአሶሳና በሆሞሻ ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ42 ደቂቃ፣ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ማለት የቆላ ዕፅዋት ብርሃንን አይለኩም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት አንዳንድ የሐሩር ክልል ዛፎች በቀን ርዝመት ላይ የሚታይን የ30 ደቂቃ ልዩነት ለይተው አበባ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሆሞሻ ቅጠልን ለመርገፍ የሚያስገድደው ዋናው ኃይል ውኃ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ የቆየ የፊዚክስ ጥያቄ እናንሣ።

አየር ወጥቶለት ባዶ በሆነ ቧንቧ ውስጥ ውኃ የሚወጣው የከባቢ አየር ግፊት ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ውኃን ሊያነሣ የሚችለው እስከ 10.3 ሜትር ብቻ ነው። በአሶሳ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 84 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ወሰኑ 8.5 ሜትር ያህል ይሆናል። ሆኖም በወንዝ ዳር የቆመ ሾላ ከዚህ እጥፍ በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ከፍተኛው ቅጠሉም ውኃ አይጎድልበትም። እንግዲህ ዛፍ ውኃ የሚስበው እንደ መምጠጫ ፓምፕ አይደለም ማለት ነው።

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1894 ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ ሁለት የአየርላንድ ሳይንቲስቶች አቀረቡ። ጆሊ የፊዚክስ ሰው፣ ዲክሰን የዕፅዋት ሰው ነበሩ። እንደ እነርሱ ማብራሪያ የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ከሥር እስከ ቅጠል የተዘረጋ የውኃ ገመድ ይፈጥራሉ። ከቅጠሉ ላይ ውኃ በተነነ ቁጥር ገመዱ ወደ ላይ ይጎተታል። በቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ያለ ንጹሕ ውኃ ሳይበጠስ በመቶ የሚቆጠር አትሞስፌር ውጥረት ሊሸከም እንደሚችል በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። በተክል ውስጥ ግን ገመዱ ቀድሞ ይበጠሳል። አፈሩ ሲደርቅ ውጥረቱ ያይላል፤ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ወደ ቧንቧው ይገቡና ገመዱን ይቆርጡታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሚልበርንና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በተክል ላይ የድምፅ መቀበያ አስረው ገመዱ ሲበጠስ የሚሰማውን “ጠቅ” የሚል ድምፅ አዳምጠዋል።

ቅጠል መርገፍ እንግዲህ የዛፉ የመከላከያ ዘዴ ነው። ጎታቹ ቅጠል ከተወገደ ገመዱ ይላላል። በሰሜን አውሮፓ አፈሩ በክረምት ስለሚቀዘቅዝ ሥር ውኃ መሳብ ይሳነዋል፤ በሆሞሻ ደግሞ አፈሩ በደረቅ ወራት ውኃ ያጥረዋል። ምክንያቶቹ ቢለያዩም በሁለቱም ቦታ ዛፉ ሊሞላው የማይችለውን ወጪ ይቀንሳል። “ማንጎውስ?” ብለን ወዳጃችንን ጠየቅነው። “እርሱ ሥሩን ወደ ጥልቁ ሰድዷል፤ ቅጠሉም ወፍራምና በሰም የተለበጠ ነው፤ ወጪውንም ይቆጣጠራል” ሲል መለሰልን።

የአንድ ሽመል ቁመት

ረፋዱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ የሽመል አገዳ መረጥንና ቁመቱን ለካን። ሥራው ማንኛውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው ነው። የ1 ሜትር ዘንግ በአቀባዊ ስናቆም ጥላው 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የአገዳው ጥላ 7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ነበር። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ 7.2 ለ0.9 ሲካፈል 8 ሜትር ይሆናል።

ለምን 8 ሜትር? ለምንስ 20 አልሆነም? ቀርከሃ ሣር በመሆኑ እንደ ዛፍ በየዓመቱ አዲስ የውኃ ቧንቧ ወደ ውጭ እየጨመረ ሊወፍር አይችልም። በመጀመሪያ የሠራቸው ቧንቧዎች ዕድሜ ልኩን ያገለግሉታል። ቀን የገባባቸውን አየር በሌሊት ማስወጣት የግድ ይሆንበታል። ይህን የሚያደርገው ሥሩ ከታች በሚፈጥረው ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የቻይናና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት በሁለት የዕፅዋት መትከያ ሥፍራዎች የሚገኙ 59 የቀርከሃ ዝርያዎችን ለክቶ፣ የአገዳዎቹ ከፍተኛ ቁመት በሌሊት ከሚለካው የሥር ግፊት ጋር በቅርብ እንደሚዛመድ አሳይቷል።

ስሌቱን ለ8 ሜትሩ አገዳ እንሥራ። የውኃ እፍግታ በስበት ፍጥነት ጭማሪና በቁመት ሲባዛ፣ ማለትም 1,000 × 9.8 × 8፣ ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ይህ ከአንድ የባሕር ጠለል አትሞስፌር አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ሽመሉ በየሌሊቱ ቢያንስ ይህን ያህል ግፊት ከሥሩ ካላመነጨ የጫፉን ቧንቧዎች መሙላት አይችልም። ልብ እንበል፤ ጥናቱ ሊከናወን የቻለው በርካታ ዝርያዎች ስማቸው ታውቆ ጎን ለጎን በመተከላቸው ነው። መዝገብ ያለው የዕፅዋት ማዕከል ለፊዚክስ ሰውም ቤተ ሙከራ ይሆናል።

የአገዳው ውስጥም የራሱ ትምህርት አለው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሽመል ግን በተለይ ወደ ሥሩ አካባቢ ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን የተቃረበ ነው። አንድ ድፍን ዘንግ ለመጉበጥ የሚያሳየው እምቢታ ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ የውስጡን ግማሽ ሬዲየስ ቦርቡረን ብናወጣ ከቁሳቁሱ 25 በመቶ ይቀነሳል፤ ከእምቢታው ግን የሚጠፋው 6.25 በመቶ ብቻ ነው። ባዶ አገዳ በቁሳቁስ ቆጣቢ መሆኑ ከዚህ ይታያል። በአንጻሩ ግድግዳው የሳሳ ባዶ ቧንቧ ሲጎብጥ በድንገት ጠፍጥፎ ሊታጠፍ ይችላል፤ አንጓዎቹ ይህን ለመከላከል ይረዳሉ። ድፍኑ ሽመል ከዚህ አደጋ የራቀ ነው። የሆሞሻ ሰው ቤቱንና አጥሩን በሽመል ሲሠራ የሚተማመንበት ጥንካሬ ይህ ነው።

በሰዓት ዘንግ ፍጥነት

ይህ ሁሉ ቁመት የሚገኘው በአንድ ክረምት ነው። አዲሱ ቀንበጥ ከመሬት ሲወጣ የአንጓዎቹ ቁጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአመዛኙ በአንጓዎቹ መካከል ያሉትን ሕዋሳት በውኃ ግፊት መለጠጥ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ5 እስከ 10 አትሞስፌር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ ይበልጣል። 8 ሜትሩን በ80 ቀን ደርሶበታል ብንል በቀን 10 ሴንቲ ሜትር፣ በሰዓት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰዓት ቆጣሪ ዘንጉ 8 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የእጅ ሰዓት ካለን የዘንጉ ጫፍ የሚጓዘው በዚሁ ፍጥነት ነው። የሰዓቱን ዘንግ ሲንቀሳቀስ በዓይን ማየት እንደማንችል ሁሉ ሽመልም ሲያድግ አይታይም፤ ማለዳ የለካነውን ቀንበጥ በማግሥቱ ስንለካው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው።

በክረምት እነዚህ ቀንበጦች በአካባቢው ለምግብነት ይለቀማሉ። ያልተለቀሙት ጠንክረው በሦስት ዓመት ገደማ ለቤት መሥሪያ ይደርሳሉ። ሽመል እንግዲህ ለሆሞሻ ገበሬ በክረምት ምግብ፣ በበጋ የግንባታ ዕቃ ነው።

ረጅሙ ሰዓት

እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር አረፍ ስንል አንድ የቤርታ ሽማግሌ መጥተው ሰላምታ ሰጡን። በቤርታኛ የሚናገሩትን የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ትተረጉምልን ነበር። ወዳጃችን፣ “አባባ፣ ሽመሉ ሲያብብ አይተው ያውቃሉ?” ሲል ጠየቃቸው።

“አይቻለሁ” አሉ። “አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ፣ ሁሉም ደረቀ። ያን ጊዜ ፍየል ይጠብቅ የነበረው ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው። አባቴም በልጅነቱ እንዳየ ይነግረኝ ነበር።”

“ዓመተ ምሕረቱን ያስታውሱታል?”

ሽማግሌው ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ልጅቱ ዘረጉ። እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ “የአጎቴን ዕድሜ እጠይቅና አሰላዋለሁ” አለች፤ ከቦርሳዋም ደብተር አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችው።

ሽማግሌው የተናገሩት ክስተት በሳይንስ የጅምላ ማበብ ይባላል። አብዛኞቹ ሣሮች በየዓመቱ ያብባሉ። ብዙ የቀርከሃ ዝርያዎች ግን ለረጅም ዓመታት አበባ ሳያሳዩ ኖረው፣ በአንድ ሰፊ አካባቢ በአንድነት ያብቡና ዘራቸውን በትነው ይሞታሉ። ሽመልም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ማዳኬ የሚባለው የጃፓን ቀርከሃ በ120 ዓመት አንድ ጊዜ ያብባል፤ መጨረሻ ያበበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ከአንድ ቀርከሃ ተቆርጦ ወደ ሩቅ አገር ተወስዶ የተተከለ ቅርንጫፍ እናቱ ስታብብ አብሮ ያበበባቸው አጋጣሚዎች መመዝገባቸው ነው። የአየር ጠባዩ ሌላ፣ ዝናቡ ሌላ ሆኖ ሳለ ቆጠራው አልተቋረጠም።

የፊዚክስ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይታወሱታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ደ ሜራን የሠሩት ሙከራ ነው። ሚሞዛን ከጨለማ ክፍል አስገብተው ፀሐይን ባያይም ቅጠሉን በየዕለቱ በሰዓቱ እንደሚዘረጋና እንደሚያጥፍ ተመለከቱ። ሰዓቱ በተክሉ ውስጥ መኖሩን ያመለከተ የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1665 ሆላንዳዊው ሃይገንስ ያስተዋሉት ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች በምሰሶው በኩል እየተነካኩ አንድ ምት ይይዛሉ። ታዲያ በምሰሶ ያልተያያዙት ቀርከሃዎች ምታቸውን እንዴት ጠበቁ?

አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት መልሱ ያለው በዘር በሊታዎች ላይ ነው። ብቻውን ያበበ ቀርከሃ ዘሩን ወፎችና አይጦች ይጨርሱበታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያብቡ ግን በሊታዎቹ ጠግበው የሚተርፍ ዘር ይኖራል። ከማኅበሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚያብብ ሁሉ ዘር ስለማያስቀር፣ ምቱን የሚጠብቀው ይህ ቅጣት ነው። ሆኖም አንድ ችግር ይቀራል፤ ማኅበሩ ምት ከጠበቀ የዓመታቱ ቁጥር ከትንሽ ተነሥቶ እስከ 120 እንዴት አደገ? እ.ኤ.አ. በ2015 ቬለር፣ ኖዋክና ዴቪስ አንድ መልስ አቀረቡ። በየ2 ዓመቱ በሚያብብ ማኅበር ውስጥ በየ3 ዓመቱ የሚያብብ ተክል ቢነሣ አንዳንዴ ብቻውን ያብባል፤ በየ4 ዓመቱ የሚያብብ ቢነሣ ግን ሁልጊዜ ከማኅበሩ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የዓመታቱ ቁጥር የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው ማለት ነው። በእርግጥም 120 ማለት 5 × 3 × 2 × 2 × 2 ሲሆን፣ በሌላ ዝርያ የተመዘገበው 32 ደግሞ 2 በ2 አምስት ጊዜ ተባዝቶ ይገኛል። ተማሪ ሁሉ በ5ኛ ክፍል የተማረው ብዜት በቀርከሃ ደን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ደኑ ሲያብብ ምን ይሆናል?

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን በመደነቅ እናልፈው ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በምትገኘው በሚዞራም ሜሎካና የሚባለው ቀርከሃ በየ48 ዓመቱ ያብባል፤ እ.ኤ.አ. በ1911–12፣ በ1958–59 እና በ2006–07 አብቧል። ፍሬውን በልተው የተራቡት አይጦች ፍሬው ሲያልቅ ወደ እህል ማሳ ይወርዳሉ። የ1959ኙ ረሀብ ከባድ ስለነበር በኋላ እስከ ትጥቅ ትግል የደረሰ የፖለቲካ ንቅናቄ ወልዷል። በ2006 ግን ዓመቱ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር የክልሉ መንግሥት ክስተቱ ከመድረሱ በፊት ዕቅድ ማውጣት ቻለ። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ሕዝቡ ሳያስበው አልደረሰበትም። ይህን ያስቻለው ቀደም ሲል የተመዘገቡት ዓመታት ናቸው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝም የሽመል የጅምላ ማበብና መሞት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ ክስተቱ ለብዝኃ ሕይወትና ለሕዝቡ ኑሮ ቀውስ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አገዳዎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ የሚበላው ቀንበጥና የሚሸጠው አገዳ በአንድነት ይጠፋሉ። የደረቀው አገዳ ለሰደድ እሳት ማገዶ ይሆናል። ከዘር የበቀለው ቡቃያ ሙሉ ቁመት ያለው አገዳ ለመስጠት በርካታ ዓመታት ይፈልጋል፤ በእነዚህ ዓመታት እሳት ከገባበት፣ ከብት ከጋጠው ወይም መሬቱ ባዶ መስሎ ከታረሰ ደኑ አይመለስም። የሞተ የሚመስለው መሬት በእርግጥ ዘር የያዘ መሬት ነው። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ቀበሌ ቦታውን ከእሳትና ከልቅ ግጦሽ ይጠብቃል፤ ነዋሪውም አገዳውን ከመድረቁ በፊት ቆርጦ ይጠቀምበታል፤ ዘሩንም ይሰበስባል።

ወዳጃችን ማለዳ የተናገረው ነገር ትርጉሙ የገባን ያን ጊዜ ነው። በሆሞሻ ደኑም፣ ዕውቀት ያላቸው ሽማግሌዎችም አሉ። አበባው የታየበት ዓመት ግን ፍየል ከጠበቀ ልጅ ዕድሜ ጋር ተያይዞ በቃል የቆየ ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ከአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊበልጥ የሚችልን ዑደት ለመለካት ከአንድ ትውልድ የሚተርፍ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያም መሣሪያ የጽሑፍ መዝገብ ነው።

ደብተርና እርሳስ

የጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ የቼሪ አበባ ቀን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በመነኮሳት ማስታወሻ ላይ ሲሰፍር ኖሯል። ጸሐፊዎቹ ስለ ግብዣና ስለ በዓል እንጂ ስለ ሳይንስ አላሰቡም። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ከእነዚያ ቀናት ተነሥተው የአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት የአየር ሙቀት ለውጥን አጥንተዋል። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ማርሻም የተባሉ ባለርስት እ.ኤ.አ. ከ1736 ጀምሮ በግቢያቸው ቅጠል የወጣበትንና አበባ የታየበትን ቀን ጻፉ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ቀጠሉበት። ሁለቱም ሥራዎች ከደብተርና ከብዕር በቀር ሌላ መሣሪያ አልጠየቁም።

በአሶሳ፣ በሆሞሻ፣ በባምባሲ ወይም በመንጌ ለምትማሩ አንባብያን ይህ ሥራ ከደጃችሁ ነው። ከትምህርት ቤታችሁ አጠገብ አሥር የሽመል ስብስቦችን ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ ቦታውንም በቀላል ካርታ ላይ አስፍሩ። በየወሩ በተወሰነ ቀን ሄዳችሁ የቀንበጦቹን ቁጥር፣ የቅጠሉን መገርጣትና መርገፍ፣ የአገዳዎቹን ቁመት በጥላ ለክታችሁ ጻፉ። ከሁሉም በላይ አበባ ካያችሁ፣ አንድ አገዳ ላይ ብቻ ቢሆንም፣ ቀኑንና ቦታውን በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መዝግቡ፤ የጅምላ ማበብ እዚህም እዚያም በሚታዩ ጥቂት አበቦች ሊጀምር ይችላልና። በቤት ያሉ ሽማግሌዎችንም ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን ክስተት ከምታውቁት ልደት፣ ሠርግ ወይም ድርቅ ጋር አዛምዳችሁ ዓመቱን አስሉ። ደብተሩ ሲሞላ ለሥነ ሕይወት መምህራችሁ ወይም ለክበባችሁ አስረክቡ፤ ቀጣዩ ክፍል ከቆማችሁበት ይቀጥል።

ከሽመል ርቃችሁ የምትኖሩም ብትሆኑ በግቢያችሁ ያለ አንድ ዛፍ ለዚህ በቂ ነው። ዘንድሮ መፀው ሳያልፍ የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ፦ የዛፉን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ በቅርንጫፉ ላይ የቀረውን ቅጠል። ሁለተኛው መስመር በሚቀጥለው ወር ይጻፋል።